ከአደጋ በኋላ የተዘፈነ ጥንታዊ ዘፈን

የእንግሊዝ ባላገር ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር ቢታጀብ ጥንታዊነቱ ይጠፋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገሩን በጆሮአችን ለመመርመር ስንል «ፌርፖርት ኮንቬንሽን» የተባለው የሎንዶን የሙዚቃ ቡድን በ1969 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያወጣውን «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» የተሰኘ ሸክላ፥ ሌላ ሥራ ሳንቀላቅል ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሞና አደመጥነው።

አስቀድሞ የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቡድኑ በመጀመሪያ ይበልጡን የአሜሪካኖችን ሙዚቃ ይከተል ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ 12 ቀን፥ በርሚንግሃም ተጫውተው ወደ ሎንዶን ሲመለሱ መኪናቸው ከመንገድ ወጣና ከበሮ መቺው ማርቲን ላምብል በ19 ዓመት ዕድሜው ሞተ፤ አብራቸው የነበረችው ጂኒ ፍራንክሊንም ሞተች። የተረፉት ካገገሙ በኋላ ከሟቹ ጋራ ይጫወቱት የነበረውን እንደ ቀድሞው መቀጠል ከበዳቸው። ስለዚህ በሀምሻየር ገጠር አንድ ቤት ተከራይተው ተቀመጡ። አዲስ ከበሮ መቺ ዴቭ ማታክስ፥ ቫዮሊን ተጫዋችም ዴቭ ስዋርብሪክ ተጨመሩ። ባስ ጊታር መቺው አሽሊ ሃቺንግስ ግን በሎንዶን ወደሚገኘው ወደ ሴሲል ሻርፕ ቤት እየተመላለሰ ጥንታዊ ዘፈኖችን ከመጻሕፍት ይፈልግ ነበር።

በዚያ ምን ነበረ? አሜሪካዊው መምህር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ከ1882 እስከ 1898 በታተመው መጽሐፋቸው 305 የትረካ ዘፈኖችን ከነልዩ ልዩ አባባላቸው ሰብስበዋል። የቻይልድ ድካም ግን ይበልጡን በቃሉ ላይ ነበር፤ ዜማውን ከባላገሩ አፍ በብዛት የለቀሙት እንደ ሴሲል ሻርፕ ያሉ ኋላ የተነሡ ሰዎች ናቸው። ቃሉም ዜማውም በወረቀት ላይ ዳነ። ወረቀት ግን አይዘፍንም።

«ማቲ ግሮቭስ» በቻይልድ መጽሐፍ 81ኛው ነው። አንዲት የመኳንንት ሚስት በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን አንድ ጐልማሳ ወደ ቤቷ ትወስዳለች፤ አሽከር ሮጦ ለጌታው ይነግራል፤ ባልም መጥቶ ሁለቱንም ይገድላል። ዘፋኟ ሳንዲ ዴኒ ይህን ሁሉ ስትተርክ አታለቅስም፥ አትፈርድምም፤ በስፍራው ቆማ እንዳየች ምስክር ቃሏን ትሰጣለች። (በእኛ አገር ጥሩ አዝማሪ እንዲሁ ነው፤ ኀዘኑን ለሰሚው ይተወዋል።) ጊታሩና ከበሮው ከታሪኩ በታች እየገሠገሡ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቃሉ ሲያልቅ ቫዮሊኑና ጊታሩ ተቀብለው ለደቂቃዎች ይሮጣሉ። ኤሌክትሪኩ ጥንታዊነቱን አጠፋ የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ የሚጸና አይመስለንም።

በሁለተኛው ገጽ ያለው «ታም ሊን» ከዚህ የከበደ ነው፤ ምቱ ባልተጠበቀ ስፍራ ይወድቃል።

ሸክላው በዲሴምበር ለገበያ ሲወጣ ዴኒና ሃቺንግስ ቡድኑን ትተው ሄደው ነበር። በ2006 የቢቢሲ ሬዲዮ አድማጮች ከሁሉ ይልቅ ተጽዕኖ ያደረገ የሕዝብ ዘፈን ሸክላ ብለው መረጡት። ከሁሉ ይልቅ እኛን የያዘን ግን «ፌርዌል፥ ፌርዌል» የተባለው የስንብት ዘፈን ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ዜማው ጥንታዊ ነው፤ ቃሉን ግን ከአደጋው የተረፈው ጊታር መቺ ሪቻርድ ቶምሰን በ20 ዓመት ዕድሜው ጻፈው። የሟቾቹ ስም በውስጡ አይነሣም። የሸክላው የመጀመሪያ ገጽም በዚሁ ያልቃል፤ ለመገልበጥ አልቸኰልንም።