የልጅ መቃብር ድንጋይ

በሮማ መንግሥት ዘመን በግብፅና በታናሽ እስያ የነበሩ ግሪክኛ ተናጋሪዎች ልጅ ሲሞትባቸው ሐዘናቸውን በድንጋይ ላይ ያስቀርጹ ነበር። ጽሕፈቱ አጭር ነው፤ የሟቹን ስም፣ የወላጁን ስም፣ ብዙ ጊዜም ድንጋዩን ያቆመውን ሰው ይናገራል። ዕድሜውንም አንዳንዶቹ እስከ ወሩና እስከ ቀኑ ድረስ ቈጥረው ጽፈውታል። በግብፅ ቴሬኑቲስ በተባለችው ከተማ በተገኙት ድንጋዮች ላይ «አኦሮስ» የሚል ቃል ይደጋገማል፤ ትርጓሜው ያለ ጊዜው የተቀጠፈ ማለት ነው። ይህም ቃል ለሕፃን ብቻ ሳይሆን ትዳር ሳይዝ ለሞተ ወጣትም ይነገር ነበር። እንግዲህ ገዢው ሮማዊ ቢሆንም ልጁን በድንጋይ ላይ የሚያለቅስለት አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ወላጁ ነበረ፤ ቋንቋውም የገዢዎቹ ላቲን አልነበረም።

ይህን ልማድ ስናስብ የኛው ልጅ መቃብር ትዝ ይለናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ገና 7 ዓመት ያልሞላቸው ልጅ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር ከእናታቸው ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ጋራ ይዟቸው ሲመለስ፣ እቴጌይቱ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ትግሬ ውስጥ ዐረፉ። ልዑሉም ብቻቸውን ባሕር ተሻግረው በእንግሊዝ አገር ተማሩ፤ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው በሊድስ ከተማ ሞቱና በዊንድዘር ተቀበሩ።

በዚያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ንግሥት ቪክቶሪያ ያስቀመጡት የናስ ሰሌዳ የልዑሉን ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ የተወለዱበትንና የሞቱበትን ቀን በእንግሊዝኛ ይናገራል። ከዚያም እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተጨምሮበታል። የንግሥቲቱ ሐዘን እውነተኛ እንደ ነበረ አንጠራጠርም። ነገር ግን እንግዳ የሚባለው በፈቃዱ መጥቶ ደጅ የሚመታ ነው፤ ልዑሉ ተወሰዱ እንጂ ደጅ አልመቱም። የእናታቸውም ስም ከሰሌዳው ላይ የለም።

በነቀምቴ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። በዚያው ዘመን በኢሉባቦር ሂካ የተባለ ሕፃን ከእናቱ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ በ1862 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ይኸውም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። እኒህ ሰው ተመልሰው በወለጋ አስተማሩ፤ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በነቀምቴ ሲያርፉም ያለቀሰላቸው ቋንቋቸውን የሚያውቅ ወገን ነበረ። ልዑል ዓለማየሁ ግን ይህን አላገኙም።

የልዑሉ ዐፅም ወደ አገሩ ይመለስ ዘንድ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ያውካል በማለት አልተቀበለውም። ዐፅሙ እስኪመለስ ድረስ ከሰሌዳው የጐደለውን በቃል መሙላት የኛ ፈንታ ነው። ስለዚህ መምህር ለተማሪው ታሪካቸውን ሲነግር የቴዎድሮስ ልጅ ብሎ አያብቃ፤ የጥሩወርቅም ልጅ፣ ያለ ጊዜው የተቀጠፈ፣ ብሎ ይጨምርበት።