በአነስተኛ ብር የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም፦ ምኑ ከምኑ ይገጥማል?

በውስጥ መስመር ደጋግመው ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ፣ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር የተገጣጠመ ልግዛ ወይስ እቃ በእቃ ገዝቼ ላስገጣጥም?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ ተማሪ ነው፣ ወይም ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት ያልሞላው። ብሩ የወራት ቁጠባ ነው፤ አንዴ ከተሳሳተ የሚደግመው የለውም። ስለዚህ ዛሬ የትኛው እቃ «አሪፍ» እንደሆነ ሳይሆን የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሠራ ነው የምንጽፈው። ዋጋ አንጠራም። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ የጻፍነው ዋጋ በሳምንቱ መሳቂያ ያደርገናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ግን ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሳችን ስህተት እንጀምር። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ስንገጣጥም ያገለገለ ኮር አይ5-8400 ፕሮሰሰር አገኘንና ደስ ብሎን ገዛን። ማዘርቦርዱን ከሌላ ሱቅ ወሰድን። ሻጩን «ኤልጂኤ1151 ነው?» አልነው፣ «አዎ» አለ። አልዋሸም። ቤት ወስደን ስንገጥመው ልክክ ብሎ ገባ። ቁልፉን ስንጫን ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ሳምንት ሙሉ ራሙን ስንነቅል ስንተክል፣ የራሙን እግር በላጲስ ስናጸዳ ከረምን። ችግሩ ሌላ ነበር። በ2015 የመጣው ኤልጂኤ1151 ሶኬት የ6ኛና የ7ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰሮችን ነው የሚቀበለው። በ2017 ስምንተኛው ጀነሬሽን ሲመጣ ኢንቴል የሶኬቱን ስምና መልክ ሳይቀይር የፒኖቹን አሰራር ቀየረው። 8ኛና 9ኛ ጀነሬሽን የሚሠሩት ኤች310፣ ቢ360፣ ቢ365 እና የመሳሰሉት 300 ቁጥር ያላቸው ቺፕሴቶች ላይ ብቻ ነው። የኛ ማዘርቦርድ ኤች110 ነበር። ልንመልስ ስንሄድ «ከተከፈተ አንቀበልም» ተባልን፤ እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ስለዚህ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ስትገዙ «ሶኬቱ አንድ ነው» የሚል መልስ አይበቃችሁም። የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም ቦርዱ ላይ አንብባችሁ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ «የሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች» የሚለውን ሰንጠረዥ ክፈቱ። ፕሮሰሰራችሁ እዚያ ውስጥ ከሌለ አትግዙ፣ ሻጩ ምንም ይበል። ሰንጠረዡ ከፕሮሰሰሩ ጎን የባዮስ ቁጥርም ይጽፋል። ይቺ ቁጥር በተለይ ኤኤምዲ ለሚገዙ ወሳኝ ናት።

ለምን ካላችሁ፣ የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ለረጅም ዓመታት ያገለገለ በመሆኑ ለበጀት ተመራጭ ነው። ራይዘን 5 5600 (6 ኮር፣ 65 ዋት) ዛሬም ጌም ላይ አያሳፍርም፣ ርካሽ በሆነ ቢ450 ማዘርቦርድ ላይም ይሠራል። ግን ቢ450 የወጣው ከፕሮሰሰሩ በፊት ነው። ባዮሱ ካልታደሰ ልክ እንደኛ ጥቁር ስክሪን ነው የምታዩት፤ ለማደስ ደግሞ ብዙ ቦርዶች ላይ የቆየ ፕሮሰሰር መግጠም ያስፈልጋል፣ ማን ያበድራችኋል? ስለዚህ ባዮሱ ሱቁ ውስጥ፣ ብር ሳትከፍሉ፣ ይታደስላችሁ።

የፕሮሰሰር ስም መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደልም ብር ታስበላለች። ኢንቴል ላይ «ኤፍ» ካለ (ለምሳሌ አይ3-12100ኤፍ) ውስጡ ግራፊክስ የለም፤ ካርድ ሳትገዙ ስክሪን አይበራም። ራይዘን 5 5600ም እንደዚያው። 5600ጂ ግን የራሱ ግራፊክስ አለው። ብሩ አሁን ለካርድ የማይደርስ ሰው 5600ጂ ገዝቶ ቀለል ያሉትን ጌሞች እየተጫወተ ካርዱን በኋላ ሊጨምር ይችላል። በነጻ አይደለም ታዲያ፦ የ5600 ኤል3 ካሽ 32 ሜጋባይት ሲሆን የ5600ጂ 16 ነው፣ ካርድ ከገባ በኋላ ልዩነቱ ጌም ላይ ይታያል። እኛን ብትጠይቁን ካርዱን በሦስት አራት ወር ውስጥ እንደምትገዙ እርግጠኛ ከሆናችሁ ታግሳችሁ 5600ን ያዙ።

ራም ላይ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አይተካኩም፤ ቆረጣቸው ቦታው የተለያየ ስለሆነ በጉልበት ካልሆነ አይገቡም። የሚያሳስተው ሌላ ነው። ለ12ኛ ጀነሬሽን የሚሆነው ኤች610 ማዘርቦርድ በዲዲአር4ም በዲዲአር5ም ተሠርቷል፤ «ኤች610 ነው» ብሎ መግዛት ብቻ አያዋጣም። ኤኤም5 የሚባለው የኤኤምዲ አዲሱ ሶኬት ደግሞ ዲዲአር5 ብቻ ነው። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ሚሞሪውን እየጠቀለሉት የራም ዋጋ በዓለም ደረጃ ስለተሰቀለ፣ በእጃችሁ ዲዲአር4 ራም ካለ ማዘርቦርዱን በሱ ልክ መምረጥ ብልህነት ነው። ከሰርቨር የተነቀለ ርካሽ ራም ቢያጋጥማችሁም አትቸኩሉ። «ሬጂስተርድ» ወይም ላዩ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ «አር» የሚል ካለው በተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም። 16 ጂቢ ስትገዙ አንድ ባለ 16 ከመሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግራፊክሱ ከራም ላይ ለሚበደረው ለ5600ጂ ደግሞ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። አራት ማስገቢያ ባለው ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ግራፊክስ ካርድና ፓወር ሰፕላይ። ሁለቱን ለያይቶ መግዛት አይቻልም።

በበጀት ደረጃ ስማቸው የሚነሳው አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጂቢ ነው። 132 ዋት ይወስዳል፣ አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ይፈልጋል። ከ65 ዋት ፕሮሰሰር ጋር ሆኖ ጠቅላላው ከ300 ዋት በታች ስለሚሆን እውነተኛ 450 ወይም 500 ዋት ይበቃዋል። «እውነተኛ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰንጠረዥ ፈልጉ፣ +12 ቮልት በሚለው ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዙት። ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዋናነት የሚመገቡት ከዚያ ነው። ላዩ ላይ «500» ብሎ +12 ቮልቱ 18 አምፔር ከሆነ በእጃችሁ ያለው 216 ዋት ነው። የ12 ቮልቱን ጨርሶ ያልጻፈ ከሆነ መልሱለት።

«ኬብሉ ከሌለ በማስቀየሪያ እናደርገዋለን» የሚሏችሁ ይኖራሉ። የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው እስከ 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒኑ የካርድ ማገናኛ ግን እስከ 75 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ሲቀልጥ የሚሸተው ፕላስቲክ ከዚህ ነው የሚመጣው። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ኬብልና የካርዱ ባለ 8 ፒን ኬብልም ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ እምቢ ካለ አትግፉት።

ካርድ ስትመርጡ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ነው። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 ላይ ይሻላል፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 በሆነ አሮጌ ማሽን ላይ ግን 4 ጂቢው ሲሞላ ጌሙ መንተባተብ ይጀምራል። የሚያሳዝነው፣ በርካሽነቱ የሚገዙት ያው አሮጌ ማሽን ያላቸው ናቸው። ሁለተኛው ያገለገለ አርኤክስ 580 ነው። «2048ኤስፒ» የሚል ከተጨመረበት በስም 580 ቢሆንም አቅሙ የ570 ነው፤ በዚያ ላይ ከእነዚህ ካርዶች ብዙዎቹ ክሪፕቶ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው። የሚበላው 185 ዋትም ቀላል አይደለም። ስሙን የተቀየረ ካርድም አለ፦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን የ2010 እና 2011 ቺፕ የሆነ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ላይ ክፈቱት፣ ብዙዎቹን ያጋልጣቸዋል። ትክክለኛው 1050 ቲአይም ቢሆን ዕድሜው ገፍቷል፤ ኒቪዲያ ለዚያ ትውልድ ካርዶች አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በ2025 ጥቅምት አካባቢ አቁሟል፣ የሚቀረው የደህንነት ማሻሻያ ነው።

አብዛኛው አንባቢያችን ግን ከዜሮ አይገጣጥምም። ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝቶ ካርድ ይጨምርበታል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ እኛም ከዚያ ስህተት በኋላ የዳንነው በዚህ ነው። ግን መጀመሪያ ቁመናውን እዩ። ትልቁን ታወር ፈልጉ። ቀጭኑ የሚቀበለው ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሲገኝ ውድ ነው። መጽሐፍ የምታክለዋ ትንሿ ጭራሽ ካርድ አታስገባም።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ። ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር 290 ዋት ነው፣ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ኬብል የለውም። «ቀይሬ ትልቅ አደርገዋለሁ» እንዳትሉ፣ የማዘርቦርዱ ዋና ማገናኛ እንደተለመደው ባለ 24 ፒን ሳይሆን ባለ 8 ፒን ነው፤ የኤችፒ 800 ጂ1 ደግሞ ባለ 6። ተራ ፓወር ሰፕላይ ለመግጠም የተለየ ማስቀየሪያ ማግኘት አለባችሁ። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ የሚሄደው ከማስገቢያው ብቻ የሚመገብ፣ እስከ 75 ዋት የሚወስድ ካርድ ነው፦ ተጨማሪ ኬብል የማይጠይቀው የጂቲኤክስ 1650 ዓይነት (የሚጠይቅም አለና ጎኑን እዩ)፣ ወይም አቅም ካለ 70 ዋት የሚወስደው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጂቢ። የ3050ው ባለ 8 ጂቢ ሌላ ነው፣ ኬብል ይፈልጋል።

ጀነሬሽኑስ? 3ኛ ጀነሬሽን (ኦፕቲፕሌክስ 7010) ርካሽ ነው፣ ግን ኤቪኤክስ2 የሚባለው ትእዛዝ የለውም፤ ያለሱ የማይከፈቱ አዳዲስ ጌሞች አሉ። 4ኛው አለው። 8ኛና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ግን ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱ፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 14፣ 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ የሚጠይቀው 8ኛ ጀነሬሽንና ቲፒኤም 2.0 ነው። በአቋራጭ መጫን ይቻላል። ቫሎራንት ግን ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤምና ሴኪዩር ቡት ካላገኘ አልከፈትም ይላል። ቫሎራንት ለመጫወት ብሎ 4ኛ ጀነሬሽን የገዛ ልጅ አነጋግሮናል፣ ምን እንበለው?

ኤስኤስዲ ላይ ብዙ አንቆይም። ኤም.2 ቅርጹ ነው እንጂ አሰራሩ አይደለም፤ ሳታም ኤንቪኤምኢም በዚያው ቅርጽ ይመጣሉ፣ ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል መመሪያው ላይ አለ። 9020 ላይ ኤም.2 የለም፣ ተራውን ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ግዙ። ኬዝ ላይ ሁለት ቁጥር ይበቃል፦ የካርዱ ርዝመትና የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ቁመት በሚሊሜትር። አሮጌ ሞኒተር ያላችሁ ደግሞ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ፣ የዛሬ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውምና መቀየሪያም በሒሳባችሁ አስገቡ።

ፒሲ ፓርት ፒከር የሚባለው ድረ ገጽ አዲስ እቃዎችን መርጣችሁ ስታስገቡ የማይገጥመውን በቀይ ያሳያችኋል። ከቢሮ የወጡትን ማሽኖች ውስጣቸውን ግን አያውቃቸውምና እዚያ ላይ አትመኩ።

ሱቅ ስትሄዱ እቃው ተሰክቶ፣ ስክሪን በርቶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጌም ወይም ሌላ ከባድ ነገር እየሠራ እዩት። ካርድ ሲሞቅ ነው ጠባዩን የሚያሳየው። «አይገጥምም ከሆነ በዚህን ያህል ቀን ይመለሳል» የሚለውን ደረሰኙ ላይ በእጅ አስጽፉ፤ የቃል ተስፋ እኛን የት እንዳደረሰን አይታችኋል። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ቀድማችሁ ስታቢላይዘር አስቡ፣ ቢቻል ዩፒኤስ፤ ከሚያምር ባለ መብራት ኬዝ ይልቅ ብሩ እዚያ ይሻላል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ከመሰካታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ከኋላ እዩት። ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ የምትመስል፣ 115 እና 230 የተጻፈባት ነገር ካለች 230 ላይ መሆን አለባት። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ እቃ 115 ላይ ሆኖ ሊደርሳችሁ ይችላል፣ በኛ 220 ላይ ሲሰካ አንዴ ጧ ይልና ያበቃል። የሞኒተሩን ኬብል ደግሞ ከማዘርቦርዱ ሳይሆን ከካርዱ ጋር ነው የምታገናኙት።