የማቋረጥ ሕመም፦ መጠጥ በድንገት ሲቆም የሚነሣ በሽታ

መጠጥ እርም ያለ ሰው ይመረቃል እንጂ ሐኪም ቤት አይወሰድም። ጎረቤት «እሰይ፣ ልብ ገዛ» ይላል፤ ሚስት ጠርሙሱን ሰብስባ ለቆራሌው ትሸጣለች። ለአብዛኛው ጠጪ በዚህ ደስታ ላይ ምንም ነቀፋ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ቢራ የሚቀምስ ሰው ዛሬ ቢተው የሚተርፈው ገንዘቡ ነው። ለዓመታት ከማለዳ እስከ ማታ አረቄ ሲጠጣ ለኖረ ሰው ግን ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ያሉት አራት አምስት ቀናት ሕይወቱን ሊያሳጡት ይችላሉ። ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ስሙ «አልኮል ዊዝድሮዋል» የሚሉት ይህን ነው። በዚህ ጽሑፍ «የማቋረጥ ሕመም» እለዋለሁ።

ትርጉሙ ባጭሩ ይህ ነው፦ ያለ አልኮል መሥራት እስኪያቅተው ድረስ አካሉ የለመደ ሰው መጠጡን ሲያቆም፣ ወይም በብዛት ሲቀንስ፣ በሰዓታት ውስጥ ጀምሮ ቀናት የሚቆይ ሕመም። «በብዛት ሲቀንስ» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። በቀን አንድ ጠርሙስ ይጨርስ የነበረ ሰው ወደ ሩብ ቢወርድም ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ታማሚው አፉ አረቄ ስለ ሸተተ ብቻ «ይሄማ ሰክሮ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

ሀራራ የሚለው ቃላችን ለዚህ አይበቃም። ሀራራ የፍላጎት ስም ነው፤ ከተዉት ከዓመት በኋላም አረቄ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ ድንገት ሊነሣ ይችላል። የማቋረጥ ሕመም ግን ሰውየው መጠጥ ጨርሶ ባያምረው እንኳ ይመጣበታል። ሃንጎቨርም ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ምሽት ያለ ልክ የጠጣ ማንም ሰው ያገኘዋል፣ በማግስቱም ይለቀዋል። ሰፊው ስም የመጠጥ ጥገኝነት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የአልኮል ችግርን በ11 መስፈርቶች ይመዝናል፤ የማቋረጥ ሕመም ከእነዚያ አንዱ ብቻ ነው። ከመስፈርቶቹ ሁለቱ በ12 ወር ውስጥ ከታዩ ችግሩ አለ ይባላል፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ነው። እንግዲህ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰውም በመጠጥ ቤቱን ሊያፈርስ ይችላል።

እንዴት እንደሚመጣ ማወቁ ብዙውን ነገር ያቀላል። አንጎል ውስጥ ሥራ የሚያበርድ ጋባ የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሥራ የሚያነሣሣው ደግሞ ግሉታሜት ይባላል። አልኮል የጋባን ሥራ ያበረታል፣ የግሉታሜትን ያዳክማል። ነገሩ ቀን ከሌት ሲሆንበት አንጎል ዝም ብሎ አይተኛም፤ የጋባን ድምፅ እየቀነሰ፣ የግሉታሜትን እያሳደገ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሌላውን ሰው የሚዘርር መጠን ለልማደኛው ቁርስ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንድን በር ሁለት ሰዎች ከውስጥና ከውጭ እኩል ሲገፉት በሩ ባለበት ይቆማል፤ የውጭው ሰው ድንገት ዞር ቢል ግን የውስጡ ከነበሩ ደጅ ይዘረጋል። አልኮል ዞር ሲል አንጎል የሚሆነው እንዲሁ ነው። ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ለማወቅ ሕክምናው ራሱ ረዥም ጊዜ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1813 እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሰተን የሕመሙን የከፋ ደረጃ «ዴሊሪየም ትሬመንስ» ብሎ ሰየመው፤ የሚያንቀጠቅጥ ቅዠት እንደማለት ነው። ሰተን በዘመኑ ወግ ደም የተቀዱት ሕሙማን ሲሞቱ፣ ኦፒየም ተሰጥቷቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው ሲድኑ አየ። መነሻው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖረ፤ አንዱ መጠጡ ራሱ መርዞት ነው ሲል፣ ሌላው ምግብ ስለማይበላ ነው ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ሃሪስ ኢዝቤልና ባልደረቦቹ በኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን ከሞርፊን ሱስ የተላቀቁ 10 ፈቃደኛ እስረኞችን በደንብ እየመገቡ አልኮል አጠጧቸው። ስድስቱ ከ48 እስከ 87 ቀናት ጠጡ። መጠጡ ሲቆም ተንቀጠቀጡ፤ አንዳንዶቹ አንዘፈዘፋቸው፣ አንዳንዶቹም ቃዡ። ምግባቸው አልጎደለም፣ ቪታሚናቸውም አልጎደለም፤ የጎደለው አልኮሉ ብቻ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የለም፣ ባይኖርም ደግ ነው፤ ውጤቱ ግን ክርክሩን ዘጋው።

ሕመሙ የራሱ ሰዓት አለው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀትና የራስ ምታት ይጀምራሉ። በ48 ሰዓት ውስጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ በዚሁ ጊዜ የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ ግን የት እንዳለና ማን እንደሆነ ያውቃል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት፣ ማለትም በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን፣ ከታማሚዎች ጥቂቱን ዴሊሪየም ትሬመንስ ይይዘዋል፦ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ከአልጋው ይነሣል፣ ይጮኻል። ድሮ ከዚህ ደረጃ ከደረሱት እስከ 35 በመቶ ይሞቱ እንደነበር የሕክምና መጻሕፍት ይጽፋሉ። በጊዜ ሲታከም ዛሬ ከ5 በመቶ በታች ነው።

ሰዓቱን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም አጥንት ክፍል ውስጥ በደንብ ይታያል። እግራቸው ተሰብሮ የገቡ የስድሳ ዓመት አባት አሉ እንበል። በገቡበት ቀን «ይጠጣሉ?» ተብለው «ኧረ አልፎ አልፎ፣ ለበዓል» ብለዋል። ጥያቄው ራሱ ደካማ ነው፤ ሰው «ይጠጣሉ?» ሲባል «ሰካራም ነዎት?» የተባለ ይመስለዋል። «በቀን ስንት መለኪያ ይበቃዎታል? ጠዋት ሳይቀምሱ እጅዎ ይንቀጠቀጣል?» ቢባሉ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ነርሷ አልጋቸው አጠገብ ቆማ፦

«ጋሼ፣ ሁለት እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉልኝ። ጣትዎን ፈታ ያድርጉት።»

«ብርድ ነው ልጄ፣ ብርዱ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ።»

መዳፋቸውን ስትነካው በላብ ርሷል።

«ሰውነትዎ ላይ የሚሄድብዎ ነገር አለ?»

«ይሄን ጉንዳን እስቲ ከአንሶላው ላይ አራግፊልኝ።»

አንሶላው ላይ ምንም የለም። ነርሷ የምትጠይቀው በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ፣ በምሕፃረ ቃሉ «ሲዋ» የሚባል የመመዘኛ ቅጽ አለ። 10 ጥያቄዎች አሉት፦ ማቅለሽለሽ፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ጭንቀት፣ መቁነጥነጥ፣ በቆዳ የሚሰማ፣ በጆሮ የሚሰማ፣ በዓይን የሚታይ፣ የራስ ምታት፣ ቀኑንና ቦታውን ማወቅ። ድምሩ እስከ 67 ይደርሳል። ከ8 በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክትትል ይበቃል፤ ከ15 ሲያልፍ ሐኪም መጠራት አለበት፣ ከ20 በላይ ደግሞ ከባድ ነው። ቅጹ ማሽን አይፈልግም፣ የላቦራቶሪ ወረፋም የለበትም። በየጥቂት ሰዓቱ ደጋግሞ መሙላት ነው ቁም ነገሩ፤ የምሽቱ 6 ሌሊቱን 18 ሊሆን ይችላልና።

ሕክምናው የታወቀ ነው። ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም ወይም ክሎርዲያዜፖክሳይድ አልኮል ይነካው የነበረውን ያንኑ የጋባ መንገድ እየነኩ አንጎሉን ያበርዱታል፤ ከዚያ መጠኑ በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይቆማል። ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ሎራዜፓም ይመረጣል። እነዚህ መድኃኒቶች ከመጠጥ ጋር ከተደራረቡ እስትንፋስ ያቆማሉና ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ውስጥ መሞከር አደጋ ነው። ታማሚው ስለጮኸና ስለቃዠ ብቻ ለእብደት የሚሰጠውን ክሎርፕሮማዚን መስጠትም ስሕተት ነው፤ መንዘፍዘፉን ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም። አልጋ ላይ አስሮ መተውማ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ትግሉ ሙቀቱንና የልብ ምቱን ያንረዋል።

ሌላው የሚረሳው ቲያሚን፣ ማለትም ቪታሚን ቢ1 ነው። ለዓመታት ምግብን በአረቄ የተካ ሰው ይህ ቪታሚን ያልቅበታል። ካርል ቬርኒኬ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1881 የገለጸው የአንጎል ጉዳት ከዚህ ይመጣል፦ ዓይን ይንቀዋለላል፣ አረማመድ ይዛባል፣ አእምሮ ይምታታል። ካልታከመ አዲስ ነገር መያዝ የማይችል፣ ትናንትን በፈጠራ የሚሞላ አእምሮ ይቀራል፤ ይህን ሩሲያዊው ሰርጌይ ኮርሳኮፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገለጸው። እኛ ዘንድ ደግሞ የደከመ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚታሰበው «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ነው። ስኳሩ ያለ ቲያሚን ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቪታሚን ሊያሟጥጣት ይችላል። ቲያሚኑ ይቅደም፣ ወይም አብሮ ይግባ። በመርፌ ቢሆን ይሻላል፤ የጠጪ አንጀት ክኒኑን በደንብ አይቀበልምና።

አስታማሚ ደግሞ የራሱ መድኃኒት አለው፦ በውኃ ጠርሙስ አረቄ ደብቆ ማስገባት፣ «ማርከሻ» ብሎ። እውነት ለመናገር መንቀጥቀጡን ያስታግሰዋል፤ ያስታገሰው ግን ሕመሙ የማቋረጥ ሕመም ስለሆነ ነው፣ ስለዳነ አይደለም። ሐኪሙ ሳያውቅ የሚሰጥ አረቄ ከዲያዜፓም ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከላይ ተናግሬአለሁ። አስታማሚ ሆይ፣ የውኃ ጠርሙሷን ትተህ መረጃውን ለሐኪሙ አቀብል። መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው? ምን ያህል? ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት ያውቃል? አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው፤ የጄሪካን አረቄ ግን ጥንካሬው አይጻፍበትም። ስለዚህ «በመለኪያ ይህን ያህል፣ ከጠዋቱ ይህን ያህል ሰዓት ጀምሮ» ማለት ከሁሉ ይረዳል።

ሰው ሳያስበው ከመጠጥ የሚለየው ሆስፒታል ውስጥ ብቻ አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ያደረ፣ ጠበል የገባ፣ ጾም ሲገባ የተወ ሁሉ ሰዓቱ ይቆጥርበታል። ጠበል ቦታ በሦስተኛው ቀን የሚያንቀጠቅጠውና የሚያስጮኸው ነገር መንፈስ ነው ተብሎ ሲታለፍ፣ ሰውየው መድኃኒት ሳያገኝ ሊሞት ይችላል። ጠበሉ ይቅር አላልኩም፤ ክኒኑን እየዋጠ የሚጠመቅ ሰው ሁለቱም አይቀርበትም። ጾም ሲገባ አቁሞ ጾም ሲፈታ ወደ ድሮው የሚመለሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይወቅ፦ ማቋረጡ በተደጋገመ ቁጥር ሕመሙ እየከፋ ይሄዳል። ዘንድሮ እጁ ብቻ የተንቀጠቀጠ ሰው ከዓመታት በኋላ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ከባድ ጠጪ ሆኖ ጤና ጣቢያ የራቀበት ሰው በአንድ ቀን ከሚያቆም ሐኪም እስኪያገኝ ቀስ በቀስ ቢቀንስ ይሻላል። ይህን መናገር ለአንዳንዱ መጠጥ መፍቀድ ይመስለዋል። አይደለም።

ማገገም የሚባለው ሕመሙ ካለፈ በኋላ የሚጀምረው ነው። የማቋረጥ ሕመም በሳምንት ገደማ ይበርዳል፤ እንቅልፍ ማጣትና ብስጭት ለወራት ሊከተሉ ይችላሉ። ከሆስፒታል ሲወጣ «ዳነ» የተባለ ሰው፣ ሌላ ክትትል ከሌለው፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጠጣል፤ ይህን የጠባይ ጉድለት ማድረግ ቀላል ነው፣ ግን ሕክምናው ግማሹ ላይ ቆሞ ነው። ናልትሬክሶን የመጠጥን እርካታ ይቀንሳል፤ አካምፕሮሴት ያቆመው ሰው እንዳይመለስ ያግዛል። ምክርና ቡድን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ ሁለት ጠጪዎች እርስ በርስ ከመረዳዳት የጀመሩት «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ዛሬም ያንኑ ያደርጋል።

ሦስተኛው መድኃኒት ዲሰልፊራም ነው። የወሰደ ሰው አልኮል ሲቀምስ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስታውከዋል፤ ፈርቶ እንዲተው ነው ሐሳቡ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ቤተሰቦች ክኒኑን ፈጭተው ሳያሳውቁት ወጡ ውስጥ ይጨምሩበታል። ሰውየው እንደልማዱ አረቄ ቤት ገብቶ ሲጠጣ የደም ግፊቱ ሊወድቅ፣ የልብ ችግር ካለበትም ሊሞት ይችላል፤ ያገኘውን ሕመም ምንነት ለሐኪም መናገር እንኳ አይችልም፣ አያውቀውምና። ዲሰልፊራም የሚሰጠው አውቆ ለተስማማ፣ ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ላለፈው ሰው ብቻ ነው። ክኒኑን ካቆመ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ጠላም ሆነ ጠጅ እንዳይቀምስ ይነገረዋል።