በቤት የተዘጋጁ ምግቦችን በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ለመላክ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በሐዋሳ ከተማ በታቦር ክፍለ ከተማ እንደሚኖሩ ሁሉ በልዩ ልዩ የአገራችን አካባቢዎች የሚገኙ ቤተሰቦች በዓረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚኖሩ ዘመዶቻቸው በቤት የተዘጋጀ ስንቅ ይልካሉ። ስንቁ ወደ አገሩ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው የተቀባዩ አገር ሕግ ነው። ስለሆነም ምግቡን ከማዘጋጀት አስቀድሞ መድረሻው አገር የሚፈቅደውን ማጣራት ያስፈልጋል።

1. ለመላክ የሚመቹ ምግቦች

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ እና በደንብ የደረቀ ቡላ እርጥበት የሌላቸው በመሆኑ ረጅም ጉዞን ይቋቋማሉ። ዳቦ ቆሎ በቅቤ ፋንታ በዘይት ቢዘጋጅ ይመረጣል። ቆጮ (ዋሳ) እርጥበት ያለውና የሚብላላ በመሆኑ በመንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል።

2. ክልከላና ገደብ ያለባቸው

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከአፍሪካ በግለሰብ የሚላክ ወይም የሚያዝ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም። ስለዚህ ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ አይብና በቅቤ የታሸ ጭኮ ሊላኩ አይገባም። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ግራም ይፈቀዳል። ትኩስ ቅጠል የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ የሚጠየቅበት በመሆኑ ስንቅን በኮባ መጠቅለል ተገቢ አይደለም።

በአሜሪካ በ1994 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ወደ አገሪቱ የሚላክ ምግብ አስቀድሞ እንዲታወቅ ያዛል። ሆኖም አንድ ግለሰብ በመኖሪያ ቤቱ አዘጋጅቶ ለሌላ ግለሰብ በስጦታ የሚልከው ምግብ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ይህ ግን በሥጋ ላይ ያለውን ክልከላ አያስቀርም።

ቡና በወጪ ንግድ ሕግ የሚተዳደር ምርት ስለሆነ መንገደኛ ይዞ ሊወጣ የሚችለውን መጠን ከጉምሩክ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

3. አዘገጃጀትና እሸጋ

• በርበሬው ከመፈጨቱ በፊት በሚገባ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት የቀረው በርበሬ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የሚፈጥር ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል።
• እያንዳንዱ ምግብ ለየብቻው በሁለት ንጹሕ ፕላስቲክ ታሽጎ ስሙ፣ የተሠራበት እህልና ቅመም እንዲሁም የተዘጋጀበት ቀን ተቀባዩ አገር በሚጠቀምበት ቋንቋ ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፍበት።

4. በፖስታ ሲላክ

እሽጉ ሳይዘጋ ለፍተሻ ይቅረብ። በጉምሩክ ማሳወቂያ ቅጹ ላይ የይዘቱ ዝርዝር፣ ክብደቱና ግምቱ ይሞላል። «ምግብ» ብሎ በጥቅሉ ከመጻፍ ይልቅ «የተፈጨ በርበሬ፣ 1 ኪሎ ግራም» ብሎ መግለጽ እሽጉ በጥርጣሬ እንዳይያዝ ይረዳል።

5. በመንገደኛ ሲላክ

በሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ሁሉ በቅድሚያ የሚጠየቀው መንገደኛው ነው። ስለዚህ የታሸገ አደራ ሳይከፈትና ይዘቱ ሳይታይ መቀበል አይገባም። በተለይ ጫት በአሜሪካ የተከለከለ ሲሆን፣ በብሪታንያም ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። በሽሮ ወይም በበርበሬ መካከል ተደብቆ ቢገኝ ተሸካሚውን ለእስር ሊዳርግ፣ የተቀባዩንም የመኖሪያ ፈቃድ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ላኪውም እሽጉን በመንገደኛው ፊት ከፍቶ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ማርና አዋዜ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ስለማይፈቀዱ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይቀመጡ። መንገደኛው በመድረሻው ምግብ መያዙን በግልጽ ማሳወቅ አለበት። ያልተፈቀደ ሆኖ ቢገኝ ያሳወቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምግቡን ብቻ ሲያጣ፣ የደበቀ ግን በገንዘብ ሊቀጣ ይችላል።