ሳይታሰብ የሚጠፋ ሞተር፦ የጆሃንስበርግ አሮጌ መኪኖችና የምርመራ ዕውቀት ታሪክ

የተሰበረ መኪና ቀላል ችግር ነው፤ የተሰበረው ዕቃ ይታያል፣ ይለወጣል። የሚያስቸግረው ሳይታሰብ የሚጠፋው ሞተር ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ምንም እንዳልነካው ይነሣል፤ ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ነው። ባለቤቱ እዚህ የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን የመካኒኩን ፍርድ ነው፤ ፍርዱ ትክክል እንደ ነበረም ከከፈለ በኋላ እንኳ በእርግጠኝነት ማወቅ አይችልም።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ቀደም ብለው አስተውለውታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ደኅናውን እንደሚያስወጣ አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማይክል ዳርቢና ኢዲ ካርኒ ዓይናቸውን ከሻጩ ወደ ጠጋኙ አዞሩ፤ ጥራቱ ከግዢ በኋላም የማይረጋገጥ አገልግሎት የሚቆመው በእምነት ላይ ብቻ መሆኑን አስረዱ። የጆሃንስበርግ አሮጌ መኪኖች ታሪክ፣ ይህ እምነት በማን እጅ እንደ ገባ፣ ማን እንደ ተነፈገውና በምን እንደ ተሸረሸረ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ከፍታና ነዳጅ

እ.ኤ.አ. በ1886 በወርቅ ምክንያት የተቆረቆረችው ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡረተር እዚህ ሲደርስ፣ የሚያስገባው አየር ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ ስለማይቀንስለት ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሞተሩም በዝግታ ሲዞር ይታፈናል። ነዳጁም ቀለል ባለ ሙቀት ይተናል። በደቡብ አፍሪካ በደጋው ክፍል 93 ኦክቴን ቤንዚን፣ በባሕር ዳርቻ ደግሞ 95 የሚሸጠው ሞተሩ በከፍታ የሚጠይቀው የኦክቴን መጠን ዝቅ ስለሚል ነው። ስለዚህ በአውሮፓ የታተመ የጥገና መጽሐፍ ለጆሃንስበርግ መካኒክ ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሰዋል፤ ቀሪውን የሚያደርሰው ከአገሩ የተገኘ ዕውቀት ነው። የአዲስ አበባ መካኒክም ይህንኑ ያውቃል፤ እሱ የሚሠራው ከዚያም በላይ ከፍ ባለ ቦታ ነውና።

ፖሊሲ የሠራቸው መኪኖች

ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1926 በፖርት ኤልዛቤት መኪና መገጣጠም ጀመሩ። ከ1961 ጀምሮ መንግሥት ፋብሪካዎቹ የአገር ውስጥ ዕቃ እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ተከታታይ ፕሮግራም ዘረጋ። መለኪያው ግን ዋጋ ሳይሆን ክብደት ነበር። ክብደት ሲለካ ከባዱን ብረት በአገር ውስጥ መሥራት ያዋጣል፤ ቀላልና ረቂቅ የሆነው የኤሌክትሪክ ዕቃ ከውጭ መምጣቱን ይቀጥላል። መለኪያው ወደ ዋጋ የተዛወረው በ1989 ነው። በዚህ መካከል የአፓርታይድ ማዕቀብ ጠንክሮ ጄኔራል ሞተርስ በ1986 መውጣቱን አስታወቀ፤ ፎርድም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው።

ከዚያ ዘመን የወጣው ታዋቂ መኪና ሲቲ ጎልፍ ነው። ፎልክስዋገን በአውሮፓ የመጀመሪያውን ጎልፍ በአዲስ ሲተካ፣ የደቡብ አፍሪካው ቅርንጫፍ አሮጌውን ንድፍ በርካሽ ዋጋ ማምረቱን ቀጠለ። ከ1984 እስከ 2009፣ ለ25 ዓመታት፣ በመሠረቱ ያው መኪና ከዩተንሄግ ፋብሪካ ወጣ። ከቴክኖሎጂ አንጻር ይህ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ከጥገና አንጻር ግን የማይገኝ ሀብት ነበር፤ አንድ ትውልድ መካኒክ አንድን መኪና እስከ አጥንቱ ዐወቀው፣ መለዋወጫውም በየሰፈሩ ተገኘ።

ወረቀት የሌለው ዕውቀት

ይህ ዕውቀት እኩል የተከፋፈለ አልነበረም። በ1922 የወጣው የሙያ ተለማማጆች ሕግ የትምህርት ደረጃን መስፈርት በማድረግ ጥቁሮችን በተግባር ከሙያው በር መለሰ፤ በ1956 የወጣው ሕግ ደግሞ ሥራን በዘር መመደብ ፈቀደ። ይህ አጥር መፍረስ የጀመረው ከ1979ኙ የቪሃን ኮሚሽን በኋላ ነው። በሶዌቶና በአሌክሳንድራ ግቢዎች ውስጥ የሚሠራው መካኒክ ከነጮቹ ጋራዥ ረዳትነት ያየውን ይዞ፣ ያለ ምስክር ወረቀት፣ በእጁና በጆሮው የተማረ ነበር። ደንበኛው የሚያምነው በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዲፕሎማ አይቶ ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቆ ነው። ገበያው የነፈገውን ማረጋገጫ የሰፈር ስም ተካው።

የዚህ ባለሙያ ዋጋ የሚታየው በጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። ሞተር አየር፣ ነዳጅና ብልጭታ ይፈልጋል፤ የጠፋው የትኛው ነው? መኪናው እየሄደ ሞተሩ ሲጠፋ የዙር መቁጠሪያው መርፌ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ከወደቀ ጥርጣሬው ወደ ብልጭታው ያመራል፤ ከሞተሩ ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ወደ ነዳጁ። የሚጠፋው ሲሞቅ ብቻ ሆኖ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ፣ በብዙ የዚያ ዘመን ፎልክስዋገኖች ላይ ብልጭታው መቼ እንደሚወጣ የሚነግረው የሆል ሴንሰር ይጠረጠራል። ጉድጓድ ሲመታ የሚጠፋ ከሆነ የላላ ሽቦ፣ የዛገ የማሳ ማሰሪያ ወይም ያረጀ የቁልፍ ማስነሻ ይፈተሻል። የነዳጅ ፓምፑ ሪሌም ብየዳው ተሰንጥቆ አንዳንዴ ብቻ ሊሠራ ይችላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ምንም ያህል ወጪ የለውም፤ እያንዳንዱ የተዘለለ ጥያቄ ግን ያለ አስፈላጊነቱ የተገዛ ዕቃ ነው። ቦቢና ተለውጦ፣ ፓምፕ ተለውጦ፣ ፊልትሮ ተለውጦ አሁንም የሚጠፋ መኪና የዚህ ማስረጃ ነው።

ዕድሜን እንደ በሽታ

መንግሥታት ግን ሌላ ምርመራ ይመርጣሉ፤ እሱም ዕድሜ ነው። በ1988 የትራንስፖርት ገበያው ሲለቀቅ የሚኒባስ ታክሲዎች ቁጥር በፍጥነት አደገ፤ ያረጁትን ለማስወገድ ከ2006 ጀምሮ መንግሥት ለሚጨፈለቅ አንድ ታክሲ 50,000 ራንድ መክፈል ጀመረ። ኢትዮጵያም በ2020 ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪኖችን ከዕድሜያቸው ጋር በሚጨምር ከባድ ታክስ ተቀበለች። ዕድሜ ለመለካት ይመቻል፤ ለሙስናም አይመችም። ነገር ግን በደንብ የተያዘውን አሮጌ መኪና ከተጣለው አይለይም፤ መያዝ የሚያስገኘውንም ጥቅም ይቀንሳል። ደቡብ አፍሪካ በበኩሏ የግል መኪና ብቁነት እንዲመረመር የምታስገድደው በዋናነት ባለቤቱ ሲለወጥ ነው፤ መኪናው እንዳይሸጥ ሆኖ እስከ ተያዘ ድረስ መርማሪ ዓይን ላያየው ይችላል።

በሌላ በኩል አዲሶቹ መኪኖች ምስጢራቸውን በኮምፒዩተር ውስጥ ይዘው መጡ። ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ብዙ ሥራ ያቀላል፤ ሆኖም ኮዱ የሚነግረው የትኛው ምልክት እንደ ጠፋ እንጂ ለምን እንደ ጠፋ አይደለም። ሴንሰሩ ጥፋተኛ ይመስላል፤ ሊሆን የሚችለው ግን ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ነው። የአምራቹ የቴክኒክ መረጃ ለተፈቀደላቸው ጋራዦች ብቻ ሲሰጥ፣ የግቢው መካኒክ የነበረውን የመጠየቅ ዐቅም ያጣል። የደቡብ አፍሪካ የውድድር ኮሚሽን ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው መመሪያ ነጻ ጋራዦች ይህን መረጃ እንዲያገኙ፣ ባለቤቱም ዋስትናውን ሳያጣ የፈለገው ጋራዥ እንዲሄድ ይጠይቃል። መመሪያ ነውና እንደ ሕግ አያስገድድም፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ ወቅታዊ ነው። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪናም አንድ ቀን ያረጃል፤ መንገድ ላይ ጸጥ ሲልም ካርቡረተርን በጆሮ የሚያስተካክል እጅ አያስነሣውም። አስመጪው የምርመራ ሶፍትዌሩንና የጥገና መረጃውን ለነጻ ጋራዦች እንዲያቀርብ የፈቃድ ግዴታ ቢሆን፣ የልምድ ባለሙያዎችም ተፈትነው የብቃት ማረጋገጫ ቢያገኙ፣ ወጪው ከሚቀረው የታክስ ገቢ ጋር አይወዳደርም። ይህ ካልተደረገ የነገው ባለቤት እንደ ትናንቱ አንዱን ዕቃ ከሌላው እያስለወጠ ይከፍላል፤ የሚለወጠው ዕቃ ግን በዚያን ጊዜ ባትሪው ይሆናል።