አውታሩን ያወረደው ልጅ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ዛሬ የማወጋችሁ ከሰው ቁመት ስለሚረዝም፣ ደብል ባስ ስለሚባል አንድ ያረጀ ባለ አውታር የዜማ መሣሪያ ነው፤ ያንን ባስ ለእጁ እንዲመች አድርጎ ስለተጫወተበት ወጣትም ነው። መንገዱ ረጅም ነውና አንቸኩል።

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ኒው ሃምፕሻየር የምትባል ብርዷ የጠና ግዛት አለች። በዚያች ግዛት በ1825 ገደማ፣ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፣ አብርሃም ፕሬስኮት የሚባል ባለእጅ ነበረ። በዚያ ዘመን የአገሩ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ኦርጋን አልነበራቸውም፤ መዘምራኑን ግን ከሥር ሆኖ የሚደግፍ ወፍራም ድምፅ ያስፈልግ ነበርና ፕሬስኮት እንጨት እየጠረበ፣ እየላገ፣ እያጣበቀ ትልልቅ ባሶችን ይሠራላቸው ነበር።

የዚያ ዘመን ባስ አውታሩ የበግ አንጀት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የበገናችንም አውታር ከበግ አንጀት ይገመዳል፣ አውታሩን ከገበቴው ከፍ አድርጎ የሚሸከመውም ብርኩማ ነው። ባስም እንዲሁ ብርኩማ አለው፤ ነገር ግን የባሱ ብርኩማ ቀጥ ብሎ የቆመ ነውና አውታሮቹን ከአንገቱ እንጨት በጣም ያርቃቸዋል። ያን ሁሉ ርቀት በጣት ተጭኖ ማውረድ ደግሞ የተጫዋቹ ዕዳ ነው።

ከዚያም ዘመን ዘመንን ተካና ባስ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ዳንስ ቤት ገባ፤ ከመለከትና ከከበሮ ጋርም ተፋጠጠ። ድምፅ ማጉያ ለባስ ባልነበረበት በዚያ ጊዜ ተጫዋቹ እንዲሰማ ከፈለገ መላው አንድ ነበር፤ ብርኩማውን ከፍ ማድረግና አውታሩን በኃይል መሳብ። አውታሩ በአንገቱ ጫፍ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይርቅ ነበር። የቀኝ እጅ ጣት ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ይደነድናል፤ የግራ አውራ ጣት ሥር ሌሊቱን ሙሉ ይጠዘጥዛል፤ እንጀራ ነውና በማግሥቱ ደግሞ ይኬዳል። እነዚያን ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር አክብሮቴ ይጨምራል።

አሁን ወደ ወጣቱ እንምጣ። ስኮት ላፋሮ በ1936 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኒውአርክ ተወለደ፤ ያደገው ግን በኒው ዮርክ ግዛት በሐይቅ ዳር ባለች ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ልጁም ክላርኔትና ሳክስፎን ሲነፋ አደገና ባስ የያዘው ኮሌጅ ሊገባ ሲል ነው፤ የኮሌጁ ደንብ ባለ አውታር መሣሪያ መማርን ያስገድድ ስለነበር። ከዚያም ኮሌጁን ተወና አገሩን አቋርጦ ሎስ አንጀለስ ወረደ፤ እዚያም የክላርኔት መልመጃ ከፍቶ በባስ ሲያጠና ይውል ነበር። ክላርኔት የሚሮጥበትን ዜማ በባስ ለማስሮጥ! ሬድ ሚቸል የተባለው ባስ ተጫዋችም አውታሩን በአንድ ጣት ከመሳብ ይልቅ ጠቋሚንና መሐል ጣትን እያፈራረቁ መሳብን አሳየው። ቀድሞ የነበረው ባስ በ1958 ተሰርቆበት ነበርና፣ ፕሬስኮት ከሠራቸው ባሶች አንዱን ያገኘለትም ይኸው ሚቸል ነው። የመዘምራን አጃቢ ሆኖ የተወለደው እንጨት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ከሃያ ሁለት ዓመት ወጣት እጅ ገባ።

ወጣቱም አውታሮቹን ዝቅ አደረጋቸው።

ዝቅ ማድረግ ስል እንዲህ ቀላል አይምሰላችሁ። በሙያው ያሉ ሰዎች ብርኩማውን የሚልጉት ከላይ ነው፤ እግሩ የደረቱን ጉብታ ተከትሎ የተቀረጸ ነውና አይነካም። የተላገ እንጨት አይመለስም፤ ስለዚህ ጥቂት ይልጉና አውታሩን መልሰው ይወጥራሉ፣ ይቃኛሉ፣ ይጫወታሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ከዚያም እንደገና ያላላሉ። ከመቃኛዎቹ ሥር አውታሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ ደፍ አለች፤ እዚያ ከወፍራም ወረቀት ያለፈ ክፍተት ካለ የግራ እጅ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ ይቀጣል። ጣት የሚያርፍበት ጥቁሩ ዞጲ ደግሞ መሐሉ ላይ በጥቂቱ ጎድጎድ ማለት አለበት፤ አውታር ሰፋ ብሎ የሚወዛወዘው መሐሉ ላይ ስለሆነ፣ ቦታ ካጣ እንጨቱን እየመታ ይነዝራል። በበገና ያ ንዝረት በእንዚራ ተፈልጎ የሚመጣ ግርማ ነው፤ በባስ ግን ጥፋት ነው። አየሩም አለ፤ በእርጥብ በጋቸው የባሱ ደረት ያብጥና አውታሩ ሽቅብ ይወጣል፣ በክረምት ቤቱ በማሞቂያ ሲደርቅ ደረቱ ይሰምጥና አውታሩ ይወርዳል። አንዳንዱ ተጫዋች የበጋና የክረምት ብርኩማ ለየብቻ ያስቀምጣል፤ ሌላው እግሮቹ ላይ እየዞረ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ጥርስ ያለው ብረት ያስገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ዕዳ ይቀራል። አውታሩ ሲወርድ ጣት ይፈጥናል፣ ድምፁ ግን ያንሳል። ታዲያ ማን ይሰማዋል? እኔ እንደሚመስለኝ የታሪኩ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ለባስ ተጫዋች የሚመቸው እንጨቱ ብቻ ሳይሆን አብሮት የቆመው ሰው ነው። ላፋሮ በ1959 ከፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ኤቫንስና ከከበሮ መቺው ፖል ሞሺያን ጋር ተገናኘ። ኤቫንስ ቁልፎቹን በስሱ ይነካል፣ ለባሱም ቦታ ይለቃል፤ ሞሺያንም ብዙ ጊዜ ዱላውን ትቶ በብሩሽ ከበሮውን ይዳብሳል። ሌሎች ባስ ተጫዋቾች ከመለከት በላይ ሊጮኹ ብርኩማ ሲያነሱ፣ ለዚህ ልጅ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉለት፤ እርሱም አጃቢ መሆኑ ቀርቶ ሦስተኛ ተናጋሪ ሆነ።

እሑድ ሰኔ 25 ቀን 1961 በኒው ዮርክ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባለው ጠባብ ምድር ቤት ከቀትር በኋላ ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሦስት ጊዜ ተጫወቱ፤ ተቀዳም። የብርጭቆው ኳኳታና የታዳሚው ወሬ ሳይቀር በቅጂው ውስጥ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባልነግራችሁ ደስ ባለኝ። ሐምሌ 6 ቀን፣ ገና በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ስኮት ላፋሮ ባደገባት በጄኔቫ አካባቢ መኪናው ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ በሃያ አምስት ዓመቱ ሞተ። አብሮት የነበረው ሰውም አረፈ። ያ የፕሬስኮት ባስ በአደጋው ክፉኛ ተጎዳ።

የተጎዳውን ባስ የወሰደው ሳሙኤል ኮልስታይን የተባለ የባስ ሠሪና ጠጋኝ ነው፤ ብዙ ዓመትም እንደዚያው ተቀመጠ። በኋላ ልጁ ባሪ ኮልስታይን በ1980ዎቹ ቁራሹን ከቁራሽ እያገናኘ መልሶ አቆመው፤ ሌሎች ተጫዋቾችም ሙዚቃ ቀዱበት።

እናንተም የዚያን እሑድ ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙት። ላፋሮ ራሱ የደረሰው «ግሎሪያስ ስቴፕ» የሚባል ዜማ አለበት። ባሱ ሽቅብ እየወጣ ሲፈጥን አውታሩ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ትሰሙታላችሁ፤ ከዚያም ደግማችሁ ስትሰሙ ባሱን ተዉትና የከበሮውን ብሩሽ ብቻ ተከተሉ።