የኮሰግ ከተማ ሕንጻዎችና የ1532 ከበባ ትዝታ

ኮሰግ በምዕራብ ሁንጋርያ፥ በኦስትርያ ወሰን አጠገብ፥ በተራራ ግርጌ የተቈረቈረች ትንሽ ከተማ ናት። ጀርመኖች ጉንስ ይሏታል። ነዋሪዎቿ ዐሥራ ሁለት ሺሕ ያህል ሲሆኑ፥ አሮጌው ክፍሏ በጥንቱ ቅጥር መሥመር የተወሰነ ስለ ሆነ፥ እንግዳ ሰው በግማሽ ቀን በእግሩ ዞሮ ሊጨርሰው ይችላል። እንዲህ ያለችውን ከተማ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማቅረባችን ስለ ውበቷ አይደለም፤ ውብ ከተሞች በኤውሮጳ ሞልተዋል። አንድ ሕንጻ የሚተርከው ዘመንና ሕንጻው ራሱ የተሠራበት ዘመን የተለያዩ መሆናቸው እንደ ኮሰግ ጐልቶ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ጐብኚው መጀመሪያ የሚያስተውለው በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። በመላው ሁንጋርያ የቀትር ደወል ቱርኮች በ1456 በቤልግራድ ድል የሆኑበት መታሰቢያ ነው ይባላል፤ ኮሰግ ግን የራሷ ሰዓት አላት። ከቀትር አንድ ሰዓት አስቀድሞ፥ ማለት በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ በአምስት ሰዓት፥ በየቀኑ ደወል ይደወላል። ምክንያቱም ቱርኮች በ1532 ኦገስት 30 ቀን ከተማዋን ለቀው የሄዱት በዚሁ ሰዓት ነው የሚል ትውፊት ስላለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱልጣን ሱሌይማን በ1529 ቪየናን ከብቦ ሳይሳካለት ስለ ተመለሰ፥ ከሦስት ዓመት በኋላ ታላቅ ጦር አስከትቶ እንደገና ወደ ምዕራብ ዘመተ። ኮሰግን ይጠብቅ የነበረው ኒኮላ ዩሪሺች የተባለ የክሮአት መኰንን ነበር፤ ከእርሱ ጋራ የነበሩት ተዋጊዎች ከስምንት መቶ የማይበልጡ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ የከተማው ሰዎችና ከአካባቢው ሸሽተው የገቡ ገበሬዎች ነበሩ። ቱርኮቹ ሦስት ሳምንት ያህል ከቅጥሩ ሥር እየቈፈሩ ባሩድ ቢያፈነዱና ደጋግመው ቢያጠቁም ሊገቡ አልቻሉም። በመጨረሻ ታላቁ ቬዚር ኢብራሂም ፓሻ ንግግር ከፈተ። ዩሪሺች ቈስሎ፥ ባሩዱም ሊያልቅበት ደርሶ ነበርና፥ ለስሙ ያህል እጁን ሰጠ፤ የቱርክ ሰንደቅ ዓላማ በቅጥሩ ላይ ተተከለ፥ የሱልጣኑ ጦር ግን ወደ ከተማዋ ሳይገባ ተመለሰ።

እንግዲህ ደወሉ የሚያውጀው ድል፥ በዝርዝር ሲመረመር፥ የሁለቱም ወገን ክብር የተጠበቀበት ስምምነት ነው። ኦቶማኖች ኮሰግን እጃቸውን ከሰጡት ምሽጎች ጋራ ለመቍጠር በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ሁንጋርያውያንም ጠላት ያልረገጣት ከተማ ናት ለማለት እንዲሁ። በእኛ አስተያየት ይህ የዩሪሺችን ጀግንነት አይቀንሰውም፤ ይልቁንም ብልኅነቱን ይጨምርለታል። ቪየናን ያዳነች ኮሰግ ብቻዋን ናት የሚለው አባባል ግን ከመጠን ያለፈ ነው፤ በዚያው ወራት ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛ በቪየና አካባቢ ብርቱ ጦር አሰባስቦ ነበርና።

ወደ አሮጌው ከተማ የሚያስገባው የጀግኖች ግንብ የሚባለው ነው። የበሩ ቅርጽና የጫፉ ጥርሶች የመካከለኛው ዘመን ሥራ ያስመስሉታል፤ ከበባውን ያየ ምስክር አድርጎ የሚቈጥረውም ጐብኚ ብዙ ነው። ግንቡ ግን የተሠራው በ1932፥ ለከበባው አራት መቶኛ ዓመት ነው። በዚያው ስፍራ የነበረው እውነተኛው የታችኛው በር ቀደም ብሎ በ19ኛው መቶ ዓመት ፈርሷል። አያቶች ያፈረሱትን በር የልጅ ልጆች ለምን አስመስለው ሠሩት? በ1920 በትሪያኖን ውል ሁንጋርያ ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጥታለች፤ ከኮሰግ በስተ ምዕራብ ያለው አገርም በ1921 ወደ ኦስትርያ አልፎ፥ ከተማዋ ከገበያዋና ከጎረቤቶቿ ተቈርጣ የወሰን ዳር ሆነች። ግንቡ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቁትንም ጭምር የሚያስታውስ መሆኑ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ስለዚህ ስለ 1532 የሚነግረን ጥቂት ሲሆን፥ ስለ 1932 ኀዘን የሚነግረን ብዙ ነው።

በሩን አልፎ በሚገኘው አደባባይ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ቆመዋል። የቅዱስ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጎቲክ ሥርዐት የታነጸ ሲሆን፥ በውስጡ የዚያ ዘመን የግድግዳ ሥዕሎች አሉት። የቅዱስ ኢምሬ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። ሁለት መሆናቸው የሀብት ብዛት ሳይሆን የቋንቋ ልዩነት ያመጣው ነው፤ የከተማዋ ሉተራኖች ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ በአንዱ፥ ሁንጋርኛ ተናጋሪዎቹ በሌላው ይጸልዩ ነበር። ኋላ ሁለቱም ለካቶሊኮች ተሰጡ። ከጀርመንኛ ተናጋሪዎቹም ብዙዎቹ በ1946 ከአገር ተባረሩ።

ከቅጥሩ ውጭ የሚገኘው ምኵራብ በ1859 የተሠራ ነው፤ ወጪውን የቻለው የከተማዋ ተወላጅ የነበረው የባንክ ባለቤት ፊሊፕ ሼይ ነበር። ክብና ጕልላት ያለው፥ በፊቱ ሁለት ትንንሽ የምሽግ ግንብ የሚመስሉ የቆሙለት የጡብ ሕንጻ ነው። ምእመናኑ በ1944 በጋ ወደ አውሽቪትዝ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ክረምት ከሌላ ስፍራ የመጡ አይሁድ ምሽግ እንዲቈፍሩ ወደ ኮሰግ ተነድተው፥ ብዙዎቹ በረኃብ፥ በብርድና በተስቦ አለቁ። ምኵራቡ ከብዙ ዘመን ባዶነት በኋላ በቅርቡ ታድሷል። የየቀኑ ደወል ግን ስለ እነዚህ አይደወልም።

ለመታሰቢያ ተብሎ ሳይሆን ለሥራ የተዘጋጀ አንድ ምስክርም አለ፤ ይኸውም የወይን ቀንበጥ መጽሐፍ የሚባለው ነው። ከ1740 ጀምሮ በየዓመቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን (በእነርሱ ዘንድ ኤፕሪል 24 ነው፤ እንደ እኛ በሚያዝያ 23 አይውልም) ከታወቁት የወይን ቦታዎች ቀንበጥ ተቈርጦ ይመጣና መልኩ በመጽሐፉ ላይ ይሣላል። ቀንበጡ ረዝሞ የተሣለበት ዓመት ጸደዩ ቀድሞ የገባበት፥ ገና እንቡጥ ሳለ የተሣለበት ደግሞ ብርዱ የዘገየበት ነው። የአየር ጠባይ መለወጥን የሚያጠኑ ሊቃውንት ዛሬ ይህን መጽሐፍ ይመረምሩታል። የጀመሩት ሰዎች ግን ይፈልጉ የነበረው የመጪውን መከር ልክ አስቀድሞ መገመት ብቻ ነበር።